ተቋም ባዘገየው ተማሪ አይቀጣ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ምዝገባ ከኮልፌ ቀራንዮ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤቴልና ከወይራ ሰፈር እስከ 18 ማዞሪያ የምንኖር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ በቅርብ ዓመታት የተመረቅን ወጣቶችና ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ የላክን ወላጆች በማኅበር ተሰባስበን፣ በኮርስ ምዝገባ አሠራር ላይ ተወያይተን የደረስንበትን አቋም በዚህ መግለጫ እናሳውቃለን። መግለጫችን ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ እንዲሁም ለመንግሥትና ለግል ዩኒቨርሲቲዎች ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶችና የትምህርት ክፍሎች የቀረበ ነው።

አቋማችን ይህ ነው፦ ተማሪ በምዝገባ ቀን የሚፈርመው ወረቀት የትምህርት ዘመኑንና የዕዳውን መጠን ይወስናል። ስለዚህ ምን ላይ እንደሚፈርም አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ተቋሙ ራሱ ላዘገየው ጉዳይ ደግሞ ተማሪው «ዘግይተሃል» ተብሎ ሊቀጣ አይገባም።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ተማሪ ስንት ወንፊት አልፎ እንደሚመጣ አገር ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ቁጥሩ ከ3.3 በመቶ አላለፈም። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ተጨማሪ ጊዜ ተፈትነው ነው። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ተማሪ በእውቀት ማነስ ሳይሆን በአንድ ያልተሞላ ቅጽ ዓመት ሲያጣ ዝም ብለን ልናይ አንችልም።

ችግሩ የት ላይ እንደሚከር በግልጽ እናስቀምጥ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከባቹ (አብረውት ከገቡት ተማሪዎች) ጋር እኩል የሚሄድ ተማሪ ስለ ኮርስ ምርጫ ብዙም አይጨነቅም። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ከተመለሱ ወዲህ ፍሬሽ ተማሪ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና የመሳሰሉትን ከሴክሽኑ ጋር በጅምላ ይመዘገባል። ዲፓርትመንት ከተመደበ በኋላም የሴሚስተሩ ኮርሶች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ እሱ ክፍያውንና ፊርማውን ያሟላል። መንገዱ የተጠረገው ግን ለባቹ ነው። አንድ ኮርስ ላይ ኤፍ ያመጣ፣ ታሞ ሴሚስተር ያቋረጠ፣ በሪአድሚሽን የተመለሰ ወይም ዲፓርትመንት የቀየረ ተማሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ነው። የትኛው ኮርስ መቼ እንደሚሰጥ፣ የትኛው የየትኛው ፕሪሪኩዚት (ቅድመ ሁኔታ) እንደሆነ፣ ስንት ክሬዲት አወር መጫን እንደሚፈቀድለት ከሰው ከሰው እየጠየቀ ያጠናቅራል።

ብዙዎቹ የሜጀር ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ተማሪው በአንደኛው ሴሚስተር የወደቀበት ኮርስ በሁለተኛው አይከፈትም። ያ ኮርስ የሌላ ኮርስ ፕሪሪኩዚት ከሆነ ቀጣዩም ይቆማል፤ ቀጣዩ ሲቆም ከሱ በኋላ ያለውም ይቆማል። በዚህ ዓይነት አንድ ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ ሙሉ ዓመት ይበላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። ኮርሱን ያላጠናቀቀ ተማሪ ለመውጫ ፈተና አይቀመጥም፤ የመውጫ ፈተና ያላለፈም ዲግሪ አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ፈተናውን ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበሩ፣ የዝግጅት ጊዜውን በምዝገባ ጣጣ ያጣ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም።

ከአባሎቻችን አንዷ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የደረሰባትን በፈቃዷ እንጠቅሳለን። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች በድሮፕ ያቆየችውን አንድ ኮርስ ከታች ካለው ባች ጋር እንድትወስድ የትምህርት ክፍሉ በቃል ፈቀደላት። ክፍል ገባች፣ አሳይመንት ሠራች፣ ሚድና ፋይናል ተፈተነች። ውጤት ሲለጠፍ ስሟ የለም። መምህሩ ጋ ስትሄድ ፈተናዋ ታርሟል፤ ውጤቷ በመምህሩ ደብተር ላይ በእርሳስ ተጽፎ አይታዋለች። ሬጅስትራር ግን ኮርሱ በስሊፗ (በተመዘገበችባቸው ኮርሶች ዝርዝር ወረቀት) ላይ ስለሌለ ውጤቱን መቀበል አይቻልም አለ። ስሊፑን ሴሚስተሩ ሲጀመር አላየችውም፤ ያን ጊዜ ለተማሪዎች ታትሞ አልወጣም ነበር። የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ) ጊዜ ያለፈው እሷ ገና የተመዘገበችበትን ወረቀት በእጇ ሳትይዝ ነው። ኮርሱን በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተማረች፤ ያንኑ ኮርስ፣ ያንኑ መምህር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሊረዳት ፈልጎ ነበር፣ መምህሩም የድርሻውን ተወጥቷል፣ የሬጅስትራር ሠራተኛውም ደንብ አክብሯል። ጉድለቱ ያለው በቃል የተፈቀደው ወደ ጽሑፍ ሳይሻገር ጊዜው እንዲዘጋ በሚፈቅደው አሠራር ላይ ነው። የጉድለቱን ሙሉ ዋጋ የከፈለችው ግን እሷ ብቻ ናት። እኛ የምንቃወመው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀን ነው። የጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ የሚወጣው በእኛ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና በኩል ነው። ወልቂጤና ጅማ የተመደቡ ልጆቻችን ሻንጣቸውን ይዘው የሚነሱት ከሰፈራችን ነው። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የምዝገባ ቀን ተብሎ የተነገረው ሁለት ቀን ሲሆን፣ ተማሪው ለመድረስ አንድ ቀን ቀድሞ ይነሳል፤ ወላጅም ለትራንስፖርትና ለኪስ ገንዘብ ዕቁብ ያስቀድማል ወይም ይበደራል። መንገድ ላይ እያለ በቴሌግራም ቻናል «ምዝገባ ተራዝሟል» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ዶርም አልተከፈተም፣ ካፌ አልጀመረም። ሴት ልጅ በማታውቀው ከተማ አልጋ ፈልጋ ስታድር ወላጅ እዚህ እንቅልፍ የለውም። የጸጥታ ችግር ባለበት መንገድ የሚጓዙትማ ጭንቀታቸው ሌላ ነው። ምዝገባ ሊራዘም ይችላል፤ የአገሪቱ የትምህርት ካላንደር ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና መዘጋት ጀምሮ በተለያየ ምክንያት ሲናጋ እንደቆየ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ተማሪው ከቤቱ ሳይነሳ ሊነገረው ይገባል።

እዚሁ አዲስ አበባ የሚማሩትም ከችግሩ አላመለጡም። ቤተሰቡ ከተማው ውስጥ ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዶርም ስለማይሰጠው፣ ከዓለም ባንክ ወይም ከቤቴል ተነስቶ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ በሁለትና በሦስት ታክሲ ይደርሳል። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ሲባል የሚከፍለው የታክሲ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው ቀን እያለፈበት ነው። ፖርታሉ በሚጨናነቅበት ሰዓት ብዙዎች የሰፈር ኢንተርኔት ቤት ይገባሉ። አየር ጤና አካባቢ በምዝገባ ሳምንት የሚታየውን እንናገር፦ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ የተማሪዎቹን መለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል በደብተር ላይ ተራ በተራ ጽፎ ይይዛል፤ ኔትወርክ ሲመጣ እሱ ይሞላላቸዋል፤ እነሱ ገንዘብ ከፍለው ወደ ቤት ይሄዳሉ። የሞላው ትክክል ይሁን ስህተት የሚታወቀው ሴሚስተሩ ሲጋመስ ነው። አባሎቻችን የይለፍ ቃላቸውን ለማንም እንዳይሰጡ በጥብቅ እናሳስባለን። ነገር ግን ግቢ ውስጥ በምዝገባ ሳምንት የሚከፈት የኮምፒውተር ክፍልና የሚረዳ ሰው ቢኖር ማንም ተማሪ ደብተር ላይ ስሙን ለማስጻፍ ባልተሰለፈ ነበር።

ስለ ወጪ መጋራት ያለን አቋም አጭር ነው። በደንብ ቁጥር 91/1995 የተጀመረው አሠራር ተማሪው ከትምህርት ወጪው 15 በመቶውን፣ ከምግብና ከመኝታው ደግሞ ሙሉውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ያስገድዳል። ግዴታውን አንቃወምም፤ አገር ያስተማረችንን እንመልሳለን። የምንቃወመው ውሉ በምዝገባ ሰልፍ መሐል፣ የገንዘቡ መጠን ሳይገለጽ፣ «እዚህ ፈርም» ተብሎ መፈረሙን ነው። ምግቡን በአይነት ይሁን በገንዘብ የሚለውን ምርጫ ሳይረዱ ምልክት ያደረጉ ብዙ ናቸው። በአሠራር ጉድለት አንድ ዓመት የተጨመረበት ተማሪ የዚያን ዓመት ዕዳ ጭምር እንደሚሸከም ደግሞ ሲፈርም የሚነግረው የለም።

ይህን መሠረት በማድረግ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የዓመቱን የኮርስ ዕቅድ፣ የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥና ፕሪሪኩዚቱ ምን እንደሆነ፣ ከምዝገባ ቢያንስ አንድ ወር በፊት በሰሌዳም በኢንተርኔትም ይለጥፍ። የምዝገባ፣ የአድና ድሮፕ፣ የዊዝድሮዋልና የሪአድሚሽን ደንቦች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና ተቋሙ ባለበት አካባቢ ቋንቋ በአጭሩ ተዘጋጅተው ለወላጅም ይድረሱ። በተለይ የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ቅጽ ሳይሞላ ከግቢ የወጣ ተማሪ ምን እንደሚያጣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረው፤ ታሞ ወደ ቤት የመጣ ልጅ ኤፍ ተደርድሮ የጠበቀው ይህን ባለማወቁ ነው።

ስሊፕ የአድና ድሮፕ ጊዜ ከመዘጋቱ በፊት በተማሪው እጅ ይግባ። መምህራን የክፍል ዝርዝራቸውን በዚያው ጊዜ ውስጥ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ስሙ የሌለ ተማሪ ያኔውኑ ይስተካከላል። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከላይ ለጠቀስናት አባላችን አንድ ዓመት ያድንላት ነበር። ስሊፕ በዘገየ ቁጥር የአድና ድሮፕ ጊዜም በዚያው ልክ ይራዘም። የፖርታል ወይም የክፍያ ሲስተም በተቋረጠባቸው ቀናት የዘገየ ምዝገባ ቅጣት አይጠየቅ።

በፕሪሪኩዚት የተያዘ ተማሪ ኮርሱን በክረምት ወይም ሌላ እውቅና ባለው ተቋም ወስዶ ክሬዲቱን እንዲያዛውር ይፈቀድለት። ይህ ጥያቄ የመምህራን ጊዜና በጀት እንደሚጠይቅ አንስተውም። አንድን ተማሪ ሙሉ ዓመት ተጨማሪ ማቆየትም ግን ወጪ ነው፤ በመንግሥትም በቤተሰብም ላይ።

የግል ኮሌጆችን በተመለከተ፣ እውቅና የሚሰጠው በፕሮግራም፣ በካምፓስና በትምህርት ዓይነት (መደበኛ፣ ማታ ወይም ርቀት) ተለይቶ መሆኑን ብዙ ወላጅ አያውቅም። አንድ ኮሌጅ በአንድ ካምፓስ ለአካውንቲንግ እውቅና ስላለው በሌላው ሰፈር በከፈተው ቅርንጫፍም አለው ማለት አይደለም። ኮሌጆች የእውቅና ወረቀታቸውን በምዝገባ መስኮቱ ላይ እንዲለጥፉ ባለሥልጣኑ ያስገድድ።

የሚጠበቅብንን ደግሞ አንሸሽም። የመጨረሻ ቀን መኖሩን እናከብራለን፤ ያለ ቀነ ገደብ ሺህ ተማሪ መመዝገብ እንደማይቻል እንረዳለን። ውጤት እንዲጨመርልን ወይም ደንብ እንዲጣስልን አንጠይቅም። በቃል የተፈቀደልንን ሁሉ በጽሑፍ እናስደርጋለን፣ የከፈልንበትን ደረሰኝና የስሊፕ ኮፒ እስክንመረቅ እናስቀምጣለን፣ አማካሪ መምህራችንን ችግር ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ከምዝገባ በፊት እናነጋግራለን።

ማኅበራችን በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ከመጓዛቸው በፊት ባሉት ሳምንታት በክፍለ ከተማው ወረዳዎች የወጣት ማዕከላት ነባር ተማሪዎች ከአዲሶቹና ከወላጆች ጋር እንዲገናኙ ያደርጋል። ቅጾቹን አብረው ይሞላሉ፣ የወጪ መጋራት ውሉን አብረው ያነባሉ። ለዚህም የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያ እንዲልኩልን፣ ትምህርት ሚኒስቴርም ከላይ ባቀረብናቸው ጥያቄዎች ላይ ከቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ በፊት ከተወካዮቻችን ጋር ተቀምጦ እንዲወያይ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ