ላኪው ያልታወቀ መልእክት

በጋዜጠኝነት ዘመናችን ዜና ይዘን ስንገባ አለቆቻችን አስቀድመው የሚጠይቁን «ማን አለ? የት? መቼ?» እያሉ ነበር። ዛሬ በስደት አገር እንጀራዬን ከኮምፒዩተር ላይ ስለቅም ያው ጥያቄ ተከትሎኝ መጥቷል።

ቴሌግራፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኢንፍሉክስዳታ የተባለ ኩባንያ ያወጣው ሲሆን በነጻ ይገኛል። በየማሽኑ ላይ ተቀምጦ የዲስኩን ሙላት፣ የሚሞሪውን ይዞታ፣ ሙቀቱን ሳይቀር እየለካ ወደ ማዕከል ያቀብላል። ወሬ አቀባይ በሉት። የሚያቀብለው ነገር ለማንኛውም ተቀባይ እንዲገባ ከተፈለገ ክላውድ ኢቨንትስ በተባለው የጋራ ደንብ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው 1.0 የተሰኘው የደንቡ እትም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ 4 ነገሮችን ግድ ይላል፤ መለያ፣ ምንጭ፣ ዓይነትና የደንቡ እትም። ሰዓቱ ግን በውዴታ ነው።

ትእዛዙ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ነገር ካልተነገረው ፕሮግራሙ ምንጩን «ቴሌግራፍ» ብሎ ይሞላዋል። 40 ማሽን ቢኖር 40ውም «ቴሌግራፍ ነኝ» ይላሉ! የማሽኑ ስም በደብዳቤው ሆድ ውስጥ ቢኖርም ፖስታውን ብቻ ለሚያይ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

አንድ የሌሊት ተረኛ ወገናችን፣ ስሙን በማልጠቅሰው ድርጅት ውስጥ፣ «ዲስክ ሞላ» የሚል መልእክት ደርሶት የትኛው ማሽን እንደሆነ ሲያስስ ነጋበት። ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ግን ፋይሉን ላዋቀረው ሳይሆን ለእሱ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ምንጩ «ሆስት» ከሚለው መስክ እንዲወሰድ አንድ መስመር መጨመር ነው። ሰዓቱንም ማየት ያሻል። «ክሪኤሽን» የሚለውን የመረጠ ሰው የሚያገኘው መልእክቱ የተዘጋጀበትን ሰዓት እንጂ ልኬቱ የተወሰደበትን አይደለም። «ኧርሊየስት» ያለ ግን የልኬቱን ሰዓት ያገኛል። እሳቱ መቼ ተነሳ ሲባል፣ ጥሪው መቼ ደረሰ ብሎ መመለስ መልስ አይሆንም።

አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለዋል። መላው የሚጀምረው ማን ነገረህ፣ መቼ ብሎ ከመጠየቅ ነው። ሌሊቱን በስክሪን ፊት የምታነጉ ወገኖቼ ሆይ፣ ተረኝነቱን ከመረከባችሁ በፊት «ምንጩ ምን ተብሎ ተሞልቷል? ሰዓቱስ የምን ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአፍ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።