ለብቸናና ለሞጣ ተመራጮች፦ በውጭ አገር ያላችሁን ሀብት ለሕዝቡ አሳውቁ

ይድረስ በብቸና፣ በሞጣና በዙሪያቸው ሕዝብ ስም በፌዴራልና በክልል ምክር ቤት ለተቀመጣችሁ፣ ከዚሁ አገር ወጥታችሁም በሚኒስቴር፣ በባንክና በመንግሥት የልማት ድርጅት ኃላፊነት ለያዛችሁ ወገኖቼ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከመካከላችሁ በዱባይ፣ በዋሽንግተን ወይም በሌላ የውጭ ከተማ ቤት የገዛ፣ የባንክ ሒሳብ የከፈተ ወይም የኩባንያ ድርሻ ያለው ሰው ካለ፣ በራሱ ስም ይሁን በትዳር ጓደኛው ወይም በልጁ ስም፣ ወጥቶ ይናገር። ምንም የሌለውም የለኝም ብሎ በፊርማው ያረጋግጥ። ማንንም ሌባ ማለቴ አይደለም። ስታስተዳድሩት የኖራችሁት ሕዝብ ስለ እናንተ ማወቅ የሚገባውን አላወቀም ማለቴ ነው።

በእኛ አገር ገበሬው ያለውን ደብቆ መኖር አይችልም። በብቸናው በእነማይ ወረዳም ሆነ በሞጣው በሁለት እጁ እነሴ የአንዱን አባወራ ቤት ብታንኳኩ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከሣጥን የተቀመጠ የመሬት ይዞታ ደብተር ይወጣል። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። ማሳው አንድ በአንድ ሰፍሯል፤ በምሥራቅ ከእገሌ፣ በምዕራብ ከእገሊት፣ በሰሜን ከወንዝ፣ በደቡብ ከመንገድ ይዋሰናል ይላል። የአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን ምዝገባ ሲጀምር የእያንዳንዱ ሰው ይዞታ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ቀርቦ፣ ቅሬታ ያለው ይናገር ተብሎ ነው የጸደቀው። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ጥማድ መሬት ያላት እናት እንኳ በዚህ መንገድ ያላት ሁሉ ተቆጥሮ በአደባባይ ታውቋል። እሷን የሚመሩ ሰዎች ከእሷ የበለጠ የሚሸሸጉበት ምን ምክንያት አላቸው?

ሕዝብ የሚመራውን ካላመነ ምን እንደሚመጣ የዚሁ አገር ታሪክ ይነግረናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ሞጣና ብቸና ከዳሞት ጋር ሆነው አንቀበልም ማለታቸውን ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከአባቶቻችሁ አፍ ሰምታችሁታል። ቁጣው በግብሩ ብቻ አልነበረም። በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የጉቦና የልዩ ልዩ ክፍያ ምሬት ተጠራቅሞ ነበር። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ግን ገዥው ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ያ ገበሬ እህሉ እንዲገመት እምቢ ያለው ገማቹን ስላላመነው ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ቢሆን መተማመን ከሌለ ግብርም መዋጮም በውዴታ የሚከፈል አይሆንም።

ሕጉ አለ። ሀብትን ለማሳወቅና ለማስመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚው፣ ተመራጩና የተለየው የመንግሥት ሠራተኛ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲያስመዘግብ ያዛል። በ2003 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሳይቀሩ አስመዝግበዋል። ሆኖም ቅጹ ተሞልቶ መዝገብ ቤት ገባ እንጂ ወደ ሕዝቡ አልወረደም። የሞጣ ነጋዴ ወይም የብቸና መምህር የመረጠው ሰው ምን እንዳለው ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ተመዝግቧል» የሚል ነው። በዚያ ላይ አዋጁ ቤተሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና 18 ዓመት ያልሞላውን ጥገኛ ልጅ ነው። ውጭ አገር ያለ ጎልማሳ ልጅ ስም ላይ የተጻፈ ቤት በዚህ ቀዳዳ ያልፋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 52 ባለሥልጣናት በውጭ ባንክ ያላቸውን ጥቅም እንዲያሳውቁ ማድረግን አገሮች እንዲያስቡበት ይጠይቃል።

ለምን ስለ ውጭው ሀብት ብቻ እጮኻለሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የሆነውን አስታውሱ። መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጊዜው የጤፍ ዘር ወቅት ነበር፤ ማዳበሪያውም በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይከራከሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያች ዕለት በብር ያስቀመጠው ሰው ደኸየ፤ ዶላር በውጭ ያስቀመጠው ሰው ደግሞ እጁን ሳያነሳ በብር ሲሰላ ሀብታም ሆነ። ስለ ምንዛሪ ከሚወስኑት፣ ከሚመክሩትና በምክር ቤት ከሚያጸድቁት መካከል በየትኛው ወገን የቆመው ማን እንደሆነ አናውቅም። ንጹሑም ሰው ከጥርጣሬው አያመልጥም።

የአይስላንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር የሲግመንዱር ጉንላግሶንን ነገር ብታዩት ይህ ይበልጥ ይገለጣል። እኚህ ሰው የአገራቸው ባንኮች ከከሰሩ በኋላ ከአበዳሪዎች ጋር የሚደራደረውን መንግሥት ይመሩ ነበር። የተደበቁ የውጭ ኩባንያዎችን ባለቤቶች ያጋለጡት የፓናማ ሰነዶች ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር የያዙት የብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ኩባንያ ከነዚያው አበዳሪዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ድርሻቸውን ለባለቤታቸው በ1 ዶላር ሸጠውት ነበር። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በመጋቢት 2008 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሕዝቡን ያስቆጣው የሀብቱ መኖር ብቻ ሳይሆን መደበቁም ነበር።

በእኛም አገር መደበቅ ያመጣውን አይተናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ደርግ በስዊዘርላንድ ባንኮች አከማችተዋል ያለውን ገንዘብ መልሱ ብሎ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ምን ያህል እንደነበረ፣ ጨርሶም ይኑር አይኑር፣ በአደባባይ የቀረበ ማስረጃ የለም፤ ወሬው ግን አልሞተም። የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔም በ1992 በሙስና 18 ዓመት ሲፈረድባቸው የውጭ ባንክ ገንዘብ ነገር መነጋገሪያ ነበር። ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው የዋሽንግተን ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2009 ከኢትዮጵያ በሕገወጥ መንገድ የወጣውን 11.7 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። ይህ ሁሉ የባለሥልጣን ገንዘብ ነው አይባልም፤ ከፊሉ በንግድ ደረሰኝ ማዛባት የወጣ ነው። ግን ያልተጠረገ መንገድ ሁሉንም አቧራ ያለብሳል።

አውቃለሁ፣ ከእናንተ መካከል በስደት ዓመታት ሠርቶ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ በውጭ ቤት የገዛ አለ። እሱ የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ይንገረን፣ እናመሰግነዋለን። ክልሉ ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ለደኅንነቱ የሚሰጋም አለ፣ ሥጋቱም እውነት ነው። አድራሻውን ይተወው፤ የሀብቱን ዓይነት፣ መጠኑንና ከየት እንዳገኘው ብቻ ይግለጽ። ሕግ እስኪሻሻል እንጠብቅ የሚለውን ግን አልቀበልም። ራሱን ለመግለጥ አዋጅ የሚጠብቅ ሰው አዋጁ ሲመጣም ቀዳዳ ይፈልጋል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። በኮሚሽኑ ያስመዘገባችሁትን ቅጽ ግልባጭ አውጡ። የውጭውን ሀብት፣ የጎልማሳ ልጆቻችሁንም ጨምሩበት። በምክር ቤት ከጥቅማችሁ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሲነሳ ድምፅ እንደማትሰጡ አብራችሁ ጻፉ። ከዚያም አንዱን ቅጂ በብቸና፣ አንዱን በሞጣ፣ ሕዝቡ በሚያነብበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጥፉት። ቅሬታ ያለው ይናገር በሉ፤ የገበሬው መሬት ሲመዘገብ እንደተባለው።