ሁለት ቡድን መውደድ ሁለት ባላ መትከል ነውን?

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ያገራችን ተረት ለብልህ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። በኳስ ሜዳ ሲነገር ግን ስድብ ይሆናል። ሁለት ቡድን የሚደግፍ ሰው በእኛ መኝታ ቤቶች «ባለ ሁለት ባላ» ይባላል፤ ክርክሩ ሲጦፍ ደግሞ «ከሃዲ» እስከ መባል ይደርሳል። ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነው ወይ? በበኩሌ አይደለም እላለሁ። ምክንያቴንም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን ለይተን እንየው። ሁለት ቡድን መውደድ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው፣ ሁለቱ ቡድኖች ከቶ የማይገናኙበት ነው። ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለአርሴናል ሲጮኽ ያመሸና በማግስቱ ስለ ኢትዮጵያ ቡና የሚጨነቅ ልጅ ማንን ከዳ? ሁለቱ በአንድ ሊግ አይጫወቱ፤ ነጥብ አይሻሙ። ይህ ጠብ የለውም፣ እንለፈው።

ሁለተኛው፣ አንዱ ፍቅር በሌላው ውስጥ የሚያድርበት ነው። ይኸውም የክለብና የብሔራዊ ቡድን ፍቅር ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ተወላጅ ነበር። ግብ ካገቡት አንዱ የሆነው መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። ከ51 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከረጅም ዘመን በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ስንጫወት አዳነ ግርማ አገባና አንድ ለአንድ ተለያየን። አዳነ ያን ጊዜ የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ጎል ያየ የቡና ደጋፊ «የጊዮርጊስ ልጅ ነው ያገባው» ብሎ ቁጭ አለ? ኧረ የት! በሸገር ደርቢ ቀን በአዳነ ላይ ሲጮኽ የኖረው ሁሉ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ሰው ሁለት ፍቅር በአንድ ልብ መያዝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ሊግ ውስጥ ያሉና ፊት ለፊት የሚገናኙ ሲሆኑ ምን ይደረግ? ለምሳሌ ጎንደር ተወልዶ በፋሲል ከነማ ፍቅር ያደገ ሰው፣ በትምህርት ወይም በሥራ ምክንያት ሐዋሳ ገብቶ ዓመታት ቢያሳልፍና ሐዋሳ ከተማንም ቢወድ፣ ሁለቱ የተጋጠሙ ዕለት የት ይቀመጣል?

የተቃዋሚዎች ክርክር በዚህ ላይ ነው። «ደጋፊነት ማለት ሽንፈትን መሸከም ነው፤ ሁለተኛ ቤት ያለው ሰው አንዱ ቤቱ ሲያዝን ወደ ሌላው ይሸሻል፤ ስለዚህ እውነተኛ ሐዘን አያውቅም» ይላሉ። ክርክሩ ቁም ነገር አለው፣ አልንቀውም። ሐዘን የደጋፊነት ዋጋ መሆኑንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ሒሳቡ ጎደሎ ነው። ሁለት ቡድን ያለው ሰው በዓመት ውስጥ የሚሸከመው ሽንፈት የሁለት ቡድን ሽንፈት ነው። ሁለቱ እርስ በርስ በተጋጠሙ ዕለት ደግሞ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ከሚወዳቸው አንዱ ይሸነፋል። አቻ ቢወጡም ሁለቱም ነጥብ ይጥላሉ። ታዲያ የቱ ላይ ነው የሸሸው?

እውነተኛው ባለ ሁለት ባላ ሌላ ሰው ነው። እሱም ዋንጫ እየተከተለ ማሊያ የሚቀይረው ነው። የፕሪሚየር ሊጋችንን ዋንጫ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ወሰዱ። በ2012 በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ፣ በ2014 እና በ2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አነሡት። ስለዚህ ከአሸናፊ ጋር ብቻ የሚሄድ ቲፎዞ በእነዚህ ሰባት ዓመታት ውስጥ አምስት ማሊያ መግዛት ነበረበት ማለት ነው! ይህ ሰው በማናቸውም ቀን የሚደግፈው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ግን ታማኝ ነው የሚለው ማን ነው? እንግዲህ ታማኝነት በቡድን ቁጥር እንደማይለካ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሚለካው ቡድኑ በወደቀ ጊዜ አብሮ በመቆየት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ቡድን የሚወድ ሰውም ግዴታ አለበት። በእኔ አስተያየት ግዴታው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ በሚጋጠሙበት ዕለት አቋሙን ከጨዋታው በፊት ይናገር፤ «ዛሬ ለተወለድኩበት ነኝ» ይበል፣ ወይም «ዛሬ ዝም ብዬ አያለሁ» ይበል። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ወንበር አይቀይር። በ80ኛው ደቂቃ ወደ አሸናፊው መንደር የሚሻገር ሰው ስድቡ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ያሸነፈው ቡድኑ በተሸነፈው ቡድኑ ላይ ሲያላግጥ አብሮ አያላግጥ። እነዚህን የጠበቀ ሰው ማንንም አላታለለም።

ለምን ይህን ያህል በኳስ ነገር ትደክማለህ የሚለኝ ይኖራል። የምደክመው ነገሩ ከኳስ ስለሚያልፍ ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በደጋፊዎች ጠብ ምክንያት አንዳንድ የሊግ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እስከ መደረግ ደርሰው ነበር። ያን ጊዜ ቡድንን መጠየቅ አገርህ የት ነው፣ ዘርህ ምንድን ነው ብሎ ከመጠየቅ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት በሁለቱም ወገን ወዳጅ ያለው፣ የሁለቱንም ተጫዋቾች በስም የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል! ድንጋይ ሊወረወር ሲል «ተው፣ እዚያም የኔ ሰዎች አሉ» ማለት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እኛ ግን ይህን ሰው ከሃዲ እንለዋለን።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል። ነገ ተመርቀን የምንመደበው በተወለድንበት ቀበሌ ላይሆን ይችላል። በሄድንበት ወረዳ ልጆቹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ቲቸር፣ እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?» ብለው ይጠይቁናል። ምን እንመልሳለን? የልጅነት ቡድናችንን ብንክድ ልጆቹ ውሸታም መሆናችንን ይደርሱበታል። የእነሱን ቡድን ብንንቅ ደግሞ እንግዳ ሆነን እንቀራለን። «የተወለድኩበትን ቡድን እወዳለሁ፤ የእናንተንም መውደድ ጀምሬአለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር የሚችል መምህር ግን አንድ ትልቅ ትምህርት ጠመኔ ሳያነሣ አስተማረ። ትምህርት ቤቱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ሲጫወትም ከልጆቹ ጋር ዳር ቆሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጩኽ፤ እዚያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ስለሆነም ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ሁለት ቡድን የሚወድ ልጅ አጠገባችሁ ቢቀመጥ «ከሃዲ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ «ቡድኖችህ በተሸነፉ ጊዜ የት ነበርክ?» በሉት። መልሱ «እዚሁ ነበርኩ» ከሆነ ወንበሩን አስፉለት።