ዋንጫ ያላዳነው ክለብ

እጅ ኳስን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ጀርመን ውስጥ ግን አዳራሽ የሚሞላ፣ ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ጨዋታ ነው፤ ቢያንስ በወንዶቹ ሊግ።

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ፉክሰ በርሊን የወንዶች ቡንደስሊጋን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። በዚያው ወር ኮሎኝ ላይ ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ የተፋለሙትም እሱና የአገሩ ልጅ ማግደቡርግ ነበሩ፤ ዋንጫውን ማግደቡርግ ወሰደ። በቀጣዩ ወር የሴቶቹ ሊግ ሻምፒዮን ሉድቪግስቡርግ መክሰሩን አስታወቀ። ይህ ክለብ በ2024፣ ቢቲግሃይም በሚለው የቀድሞ ስሙ፣ ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የደረሰ ነው። የ2025/26 ውድድር ያለ ሻምፒዮኑ በ11 ክለቦች ተጀመረ።

ነገሩ የአንድ ክለብ አመራር ጥፋት ብቻ እንዳይመስለን፣ በጃንዋሪ 2025 ኖርዌይ ውስጥም ቫይፐርስ ክሪስቲያንሳንድ ከስሯል። ቫይፐርስ ከ2021 እስከ 2023 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ የሴቶች ክለብ ነበር።

በእኔ እምነት ችግሩ ያለው ከገቢው ምንጭ ላይ ነው። የኪል የወንዶች ቡድን የሚጫወትበት አዳራሽ ከ10,000 በላይ ተመልካች ይይዛል፤ እንዲህ ያለ ክለብ አንድ ስፖንሰር ቢሸሸው ይጎዳል እንጂ አይወድቅም። የሴቶቹ ክለቦች ግን በአብዛኛው የቆሙት በጥቂት የአካባቢ ኩባንያዎች ኪስ ላይ ነው። ቃል የተገባው ገንዘብ ከቀረ ደመወዝ የሚከፈልበት ሌላ በር የለም። (ክለቦቹ በመሥሪያ ቤት በጀት ለሚተዳደሩበት ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም።) ማሸነፉ ራሱ ወጪ ያመጣል፤ ዋንጫ በተነሳ ቁጥር የተጫዋቾች ደመወዝ ይጨምራል፣ የአውሮፓ ጉዞ ይበዛል፣ የበር ገቢው ግን በዚያው ልክ አያድግም።

የችሎታ እጥረት ነው እንዳይባል፣ የጀርመን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በዲሴምበር 2025 ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኖርዌይ ተሸንፎ የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። የሚገርመው፣ እጅ ኳስ በ1917 በርሊን ላይ ደንብ ሲወጣለት የታሰበው ለሴቶች ነበር። ወንዶቹ የገቡበት በኋላ ነው።

አንድ መውጫ በዶርትሙንድ ይታያል፤ የሴቶቹን የእጅ ኳስ ቡድን በታላቁ የእግር ኳስ ክለብ ጥላ ሥር ይዟል። በእጅ ኳሱ ገንዘቡና አዳራሹ ያላቸው ኪል፣ ማግደቡርግና በርሊን ግን በ2025/26 በከፍተኛው የሴቶች ሊግ ቡድን አላሰለፉም።