ላዳን የወለደችው መኪና

ሰሞኑን ከሐይቅ የጻፈልኝ ወጣት «አባቴ የተዉልኝን ፊያት 124 ጓደኞቼ ‹አሮጌ ላዳ› እያሉ ይስቁብኛል፤ ለቁራሌው ልሽጣት?» ይላል።

ተው እንጂ ወንድሜ! እሷ እኮ የላዳ እናት ናት። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1966 አወጣት፤ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች። ሶቪየቶች ላዳን በ1970 ማምረት የጀመሩት ከእሷ ቀድተው ነው። ስሙን ግን ልጅየዋ ወሰደችው!

ብቻ «የላዳ ዕቃ ሁሉ ይገጥማታል» የሚልህን መካኒክ አትመነው። ሞተራቸው ይለያያል። የኋላ ፍሬኗም ዲስክ ነው፤ የላዳው ታምቡር። ከደሴ ወደ ሐይቅ ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ በፍሬን አይቀለድም።

ወለሏን ከሥር እይ። ዝገት ካልጨረሳት ሊብሬዋን በስምህ አዙር። ቅዳሜ ወደ ውጫሌ ስትወጣ የፊት ወንበር የሚሻማው ያው የሚስቅብህ ጓደኛህ ነው።