ብርድ አይደለም፣ ወንበሩ ነው

ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ አየር ጤና ላይ የመጨረሻውን ተሳፋሪ አራግፎ ከመኪናው የሚወርድን የታክሲ ሹፌር ልብ ብላችሁ እዩት። እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ወዲያው አይራመድም። በሩን ይዞ ጎበጥ ብሎ ይቆማል፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቃናል። ምን ሆነህ ነው ቢሉት መልሱ ከካራ ቆሬ እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ ያው ነው፤ «ብርድ መታኝ»።

ብርድ ምቹ ምክንያት ነው። ባለቤት የለውም፣ ማንም አይከሰውም። በመስኮት የገባ ንፋስ ወገቡን ያዘው ከተባለ ባለንብረቱም ነጻ ነው፣ ማኅበሩም ነጻ ነው፣ ሹፌሩ ራሱም ጋቢ ደርቦ አድሮ በማግስቱ ይወጣል። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ሰውየው ከመሪው ጀርባ መቀመጥ ሲያቅተው ግን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ብርድ አይከፍልለትም።

እውነቱ ያለው ከወንበሩ ሥር ነው። አሮጌዎቹን ሰማያዊና ነጭ ሃይሶች አስቡ። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፣ የፊት ጎማውም ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ገደማ ነው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚነዳ ሰው ከጎማው ኋላ ነው የሚቀመጠው። የሃይስ ሹፌር ግን ጎማው ላይ እንደተቀመጠ ቁጠሩት፤ ጉድጓዱ በቀጥታ ወደ ወገቡ ነው የሚመጣው። አሞርዛተሩ ከሞተ፣ የወንበሩ ስፖንጅ አልቆ ብረቱ ከወጣ ደግሞ መሃል ላይ ገብቶ የሚያበርድለት ነገር የለም። የሰው አከርካሪ በተለይ የማይችለው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ንዝረትን ነው። መኪና በኮረኮንች ላይ የሚሰጠው ንዝረት ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። በዚያ ላይ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች በአዋቂ ሰው ላይ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ምግባቸውን የሚያገኙት ሰውነት ሲንቀሳቀስ ነው። ሹፌሩ ግን አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ግራ እግሩ ነው፤ ከጦር ኃይሎች እስከ ሜክሲኮ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ፍሪሲዮን ሲረግጥና ሲለቅ፣ በረገጠ ቁጥርም ዳሌው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል።

ነገሩ የኮልፌ ቀራንዮ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የታችኛው ወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዓለም 619 ሚሊዮን ደርሰዋል። ሰውን ከሥራና ከኑሮ በማሰናከል ይህን ሕመም የሚቀድመው የለም። በአውሮፓ ኅብረት የከባድ ጭነትና የአውቶቡስ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ሕግ ያስገድደዋል። እዚህም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። የታክሲው ዓለም የሚተዳደረው ግን በሌላ ሕግ ነው፤ በገቢ። ሹፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠውን ብር ያስገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ የረዳቱን ይሰጣል፣ የተረፈው የእሱ ነው። የቀኑ የመጀመሪያ ሰዓታት የሌላ ሰው ናቸው፣ የእሱ እንጀራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሰው «አረፍ በል» ብሎ መምከር ራቱን ተው እንደማለት ነው።

ሕመሙ ሲብስበት መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ወጌሻን በጅምላ መናቅ አይገባም፤ ማሸት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ውስጥ ሊጠቅሙ ይችላሉ ከተባሉት አንዱ ነው። «ጅማት ዞሯል» ብሎ በጉልበት መጎተት ግን ሌላ ነገር ነው። ከወጌሻው ቀጥሎ መርፌ ይመጣል። ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፤ በየሳምንቱ እየተወጋ የሚነዳ ሰው ግን ሂሳቡን ለጨጓራውና ለኩላሊቱ እያስተላለፈ ነው። ሦስተኛው ሰፊው የወገብ ቀበቶ ነው። ብዙ ሹፌር ይህን አጥብቆ ታስሮ መንዳትን እንደ ሕክምና ይቆጥረዋል፣ ያው መመሪያ ግን ቀበቶውን አይመክርም። የሚመክረው በባለሙያ የታገዘ የሰውነት እንቅስቃሴን ነው። ሥራ አቁሞ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ መዋልም ወገቡን ያደክመዋል እንጂ አያድነውም።

ገቢው እስኪቀየር ድረስ ሹፌሩ ያለ ብር የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ሲረግጥ ወገቡ ከመደገፊያው ከተለየ ወንበሩ ርቋል ማለት ነውና ያስጠጋው። መደገፊያውን እንደ ግድግዳ ቀጥ አያድርገው፣ እንደ አልጋም አያስተኛው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይበቃል። ፎጣ ጠቅልሎ ወገቡ ወደ ውስጥ በሚጎደጉድበት ቦታ ያስገባ። የኋላ ኪሱን ባዶ ያድርግ፤ ዝርዝሩን ረዳቱ ይዞለት እያለ እሱ ባበጠ ቦርሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ተጣሞ የሚውልበት ምክንያት የለም።

ትልቁ ሀብት ግን ተራው ነው። ዓለም ባንክም ሆነ ቤቴል፣ ተሳፋሪ በሚሳሳበት ሰዓት ታክሲው ተራ ይጠብቃል። ብዙው ሹፌር ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው እዚያው ወንበር ላይ፣ አንገቱን ሰብሮ ስልኩን እያየ ነው። ይውረድ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ይዙር፣ እግረ መንገዱን ጎማውን ይመልከት፣ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ ይለጠጥ። ሁለት ደቂቃ ገቢ አይጎድልበትም። በጅማ መስመር ለሚወጣው የአባዱላና የአይሱዙ ሹፌር ግን ተራ የሚባል እፎይታ የለም። 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይቆም ነድቶ ወሊሶ ላይ ምሳ መብላት እንደ ጀግንነት ሲወራ ይሰማል። እንደደረሰ ዘሎ ኩንታል ማውረድ ደግሞ ከመንዳቱ የባሰ ነው፤ ለሰዓታት ተቀምጦ የዋለ ወገብ ለሸክም ዝግጁ አይደለምና አስቀድሞ ትንሽ መራመድ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ቀልድ የማያስፈልገው ነገር አለ። እግር ከደነዘዘ ወይም ከከዳ፣ በእግሮች መካከል ያለው ሥፍራ ስሜት ካጣ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ጉዳዩ የዛሬ ነው፣ የነገ አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል በወጌሻም በመርፌም መቆየት አደጋ ነው። የክፍለ ከተማው ሰው ዘነበወርቅ አጠገቡ አለርት አለለት፤ ሆስፒታሉ በስሙ ውስጥ እንኳ «ተሐድሶ» የሚል ቃል የያዘ ነው።

የቀረው የባለንብረቱ ድርሻ ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ለመኪናው ዕቃ ሲገዛ የማይሰስት ባለንብረት የሹፌሩን ወንበር ስፖንጅ ማስቀየር ቅንጦት ይመስለዋል። አሞርዛተር የሚቀየረው መኪናው «ስለሚንጫጫ» ነው፣ ሹፌሩ ሲንጫጫ አይሰማም። ማኅበራቱ ይህን አንስተው ሊከራከሩበት ይችላሉ። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም የሹፌሩ ወንበር እንደ ፍሬንና እንደ መብራት ተቆጥሮ ያለቀ ወንበር ያለው መኪና «አስተካክለህ ና» ቢባል፣ ባለንብረቱ ስፖንጁን በዚያው ሳምንት ያስቀይራል።