ሰርቨር ማብዛት ብቻውን ወረፋን ያቃልላልን?

የፈተና ውጤት በድረ ገጽ በሚለቀቅበት ቀን ተማሪው ቁጥሩን አስገብቶ ይጠባበቃል፤ ገጹ አልከፈት ሲለውም ደጋግሞ ይሞክራል። በማግስቱ የሚሰማው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ "ሰርቨሩ ተጨናንቆ ነው" የሚል ሲሆን፣ መፍትሔውም ተጨማሪ ሰርቨር መግዛት እንደሆነ ይነገራል። እኛ በዚህ አንስማማም። ማሽን አያስፈልግም ማለታችን ግን አይደለም፤ ሥራው በማሽኖቹ መካከል የሚከፋፈልበት ሥርዓት በጥንቃቄ ካልተዘጋጀ የተገዛው ማሽን እምብዛም አይጠቅምም ማለታችን ነው።

ጭነት አከፋፋይ የሚባለው በተጠቃሚውና በሰርቨሮቹ መካከል ቆሞ እያንዳንዱን ጥያቄ ለአንዱ ሰርቨር የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ወይም መሣሪያ ነው። ኤችኤፕሮክሲና ኤንጂንኤክስ የተባሉት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ቀላሉ ዘዴ ጥያቄዎችን በዙር ማደል ሲሆን፣ ሌላው በዚያች ቅጽበት ጥቂት ግንኙነት ለያዘው ሰርቨር መስጠት ነው። ይህኛው ብልህ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሦስት ሰርቨሮች አንዱ ከመረጃ ቋቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጦ ለሁሉም ጥያቄ ወዲያውኑ የስሕተት መልስ ይሰጣል እንበል። ስሕተት መመለስ ጊዜ ስለማይፈጅ ይህ ሰርቨር ምንጊዜም ሥራ ፈት ሆኖ ይታያል፤ አከፋፋዩም ጥያቄውን ሁሉ ወደ እርሱ ያጎርፋል። ሁለቱ ጤነኞች ቁጭ ብለው የታመመው ተማሪውን ሁሉ ባዶ እጁን ይመልሳል ማለት ነው! ስለዚህ አከፋፋዩ ሰርቨሩ መብራቱን ብቻ ሳይሆን፣ ከመረጃ ቋቱ አንዲት መዝገብ አንብቦ መመለስ መቻሉን በየጥቂት ሴኮንዱ እንዲጠይቅ መደረግ አለበት። (የመረጃ ቋቱ ራሱ ከወደቀ ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከሥራ ይወገዳሉና ያኔ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ መወሰን ይገባል።)

ሌላው ችግር የተጠቃሚው ማንነት በአንዱ ሰርቨር ብቻ ሲመዘገብ የሚፈጠር ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ለሌላ ሰርቨር ከደረሰ ተማሪው እንደገና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ይህን ለማስወገድ ብዙዎች በኢንተርኔት አድራሻ ማከፋፈልን ይመርጣሉ፤ አንድ አድራሻ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ይሄዳል። በእኛ አገር ይህ ምርጫ አደገኛ ይመስለናል። የአንድ ግቢ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ አድራሻ ሊሆን ይችላልና፣ ግቢው በሙሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ይከመራል። የኤንጂንኤክስ ተመሳሳይ ዘዴ እንዲያውም ከአድራሻው አራት ክፍሎች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ስለሚመለከት፣ ጎረቤት አድራሻዎችንም ጭምር በአንድ ሰርቨር ያጉራል። የመግቢያውን መዝገብ ሁሉም ሰርቨሮች በሚጋሩት ቦታ ማስቀመጥ የተሻለ ነው።

ስንት ማሽን ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ባሳተመው ጽሑፍ መሠረቱን የጣለለት የወረፋ ሒሳብ ይረዳናል። በቀላሉ የወረፋ ዓይነት፣ አንድ ሰርቨር ከአቅሙ 50 በመቶ ሲሠራ መልስ የሚወስደው አማካይ ጊዜ ወረፋ ባይኖር ከሚወስደው 2 እጥፍ ነው፤ በ90 በመቶ 10 እጥፍ፣ በ95 በመቶ ደግሞ 20 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሦስት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 60 በመቶ ተጭነው ሳለ አንዱ ቢወድቅ የተቀሩት ሁለቱ 90 በመቶ ይሸከማሉ፤ የመልሱ ጊዜም ከ2.5 ወደ 10 እጥፍ ይዘላል። ጭነቱ 70 በመቶ ከነበረ ግን ከአቅም በላይ 105 በመቶ ስለሚሆን ወረፋው ያለገደብ ያድጋል።

በአገልግሎት ላይ ያለ ሥርዓት በውጤት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መፈተኑን አጥብቀን እንቃወማለን። ቀደም ብሎ፣ ጭነት ባለበት ሰዓት፣ የአንዱን ሰርቨር ገመድ ነቅሎ የሚሆነውን መመልከት ይገባል። ተማሪዎችም ቢሆኑ ይህን ለመማር የሚያስፈልጋቸው በቤተ ሙከራ ጥግ የተጣሉ አራት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አከፋፋይ፣ ሦስቱ ሰርቨር ይሁኑና አንደኛውን ሰርቨር ለጥያቄ ሁሉ ስሕተት እንዲመልስ አድርጋችሁ አከፋፋዩ ጥያቄውን ወዴት እንደሚልከው ተመልከቱ።